አሮጌ ፎቶግራፍና ስሙ የጠፋ አይሮፕላን
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)




ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራራ፣ በምዕራብ ወደ ላስታ የሚያወጣው ገደላማ ዳገት፣ በመካከል የራያ ሜዳና የማሽላው እርሻ ይታያል። እንዲህ ባለ አገር፣ በአንድ ቤት ከሚገኝ የእንጨት ሣጥን ውስጥ ጠርዙ የተበላ አሮጌ ፎቶግራፍ ወጣ እንበል። በፎቶግራፉ ላይ አንድ አይሮፕላንና አጠገቡ የቆሙ ጥቂት ሰዎች ይታያሉ፤ በጀርባው ግን የተጻፈ ነገር የለም። የቤቱ ሰው «የጣሊያን ነው» ይላል። ጎረቤቱ «የለም፣ የጃንሆይ ነው» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «በወያኔ ጊዜ የመጣው የእንግሊዝ ነው» ብሎ ይከራከራል።

ነገሩ ለመዝናኛ የሚቀርብ እንቆቅልሽ ቢመስልም አይደለም። ሦስቱ መልሶች ሦስት የተለያዩ ታሪኮች ናቸው። አንደኛው ወራሪን ይከሳል፤ ሁለተኛው አገሩን ለመከላከል የሞከረን መንግሥት ያስታውሳል፤ ሦስተኛው ከነፃነት በኋላ በገዛ ሕዝብ ላይ የወረደን ቦምብ ያነሣል። ከእነዚህም በቀር አራተኛ መልስ አለ፤ ይኸውም አይሮፕላኑ ቁስለኛ ለማንሣትና መድኃኒት ለማድረስ የመጣ የቀይ መስቀል አይሮፕላን ሊሆን ይችላል የሚለው ነው። ስሙ በስሕተት የተጻፈ እንደ ሆነ አካሚው ገዳይ፣ ገዳዩም አካሚ ሆኖ ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። የዚህ ንግግር ዓላማም እንዲህ ያለው ፎቶግራፍ በሥርዓት እንዴት እንደሚመረመር ማሳየት ነው።

፩. በራያ ሰማይ ላይ ያለፉት አይሮፕላኖች

መርማሪው ፎቶግራፉን ከማየቱ በፊት በዚያ አገርና በዚያ ዘመን የትኞቹ አይሮፕላኖች ሊገኙ ይችሉ እንደ ነበር ማወቅ ይገባዋል። እረኛ የጠፋችበትን ላም የሚፈልገው ከብቶች በሚሰማሩበት መስክ እንጂ በገደል አፋፍ አይደለም።

ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው አይሮፕላን ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. አዲስ አበባ ያረፈው የፈረንሳይ ሥራ ፖቴዝ 25 ነበር፤ ያመጣውም አብራሪ አንድሬ ማዬ ነው። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ሥራ የሆነው ዩንከርስ ደብልዩ 33 ተከተለ። ከዚያም ፋርማን፣ ሞዝና ሌሎችም ተጨመሩ። በሠላሳዎቹ የፈረንጆች ዓመታት መግቢያ ላይ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ለመሆን በቁ። ጦርነቱ በ1928 ዓ.ም. ሲጀመር ግን የአገሪቱ አይሮፕላኖች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፤ አብዛኞቹም ለመልእክትና ለማመላለሻ እንጂ ለውጊያ የሚሆኑ አልነበሩም።

በዚያው ዓመት፣ በታኅሣሥ ወር አካባቢ፣ ሉድቪግ ቬበር የተባለው ጀርመናዊ አብራሪና መሐንዲስ አዲስ አበባ ላይ የሠራው አይሮፕላን በረረ። ስሙም በንጉሠ ነገሥቱ ልጅ በልዕልት ፀሐይ «ፀሐይ» ተባለ። ወራሪው ማርኮ ወደ ጣሊያን ወሰደው፤ በዚያም ከሮማ ወጣ ብሎ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይል ሙዚየም ለረጅም ዘመን ኖረ። ለኢትዮጵያ የተመለሰው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። አንድ አይሮፕላን ማንነቱ ተለይቶ የታወቀ ስለ ነበር ባለቤቱ ሊጠይቀው ቻለ። ስሙ የጠፋ ነገር ጠያቂም ተመላሽም የለውም።

በሌላው ወገን ጣሊያኖች በመቶዎች የሚቆጠሩ አይሮፕላኖች አሰልፈው ነበር። ባለ ሦስት ሞተሩ ካፕሮኒ 133፣ ሳቮያ ማርኬቲ 81 እንዲሁም ለቅኝት የሚያገለግሉት ባለ ድርብ ክንፍ ሮሜዎ አይሮፕላኖች ይገኙባቸዋል። ማይጨው ላይ መጋቢት 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ውጊያው ከተደረገ በኋላ በአሸንጌ ሐይቅ አጠገብ ሲያፈገፍግ የነበረውን ሠራዊት በቦምብና በመርዝ ጋዝ የፈጁት እነዚህ ናቸው።

ከጎብዬ በስተሰሜን በምትገኘው ኮረም አካባቢ ግን ሌላም ዓይነት አይሮፕላን ነበር። የዓለም አቀፉ ቀይ መስቀል ኮሚቴ ወኪል ዶክተር ማርሴል ዡኖና ስዊድናዊው አብራሪ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን በቀይ መስቀል ምልክት ይበሩ ነበር። በዶክተር ጆን ሜሊ የሚመራው የእንግሊዝ የሕክምና ቡድን ኮረም አጠገብ የካቲት 25 ቀን 1928 ዓ.ም. በቦምብ ተደበደበ። በመጋቢት ወር ደግሞ የቀይ መስቀሉ ፎከር አይሮፕላን በኮረም ሜዳ ላይ በጠላት አይሮፕላኖች ተመትቶ ጠፋ። ፎን ሮዘን ከነፃነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሶ የአየር ኃይሉን ግንባታ መርቷል። በመጨረሻም በሐምሌ 1969 ዓ.ም. በእርዳታ ሥራ ላይ ሳለ ጎዴ ላይ ተገድሎ ሕይወቱ በዚሁ አገር አለፈ።

የሚቀረው የ1936 ዓ.ም. ጉዳይ ነው። የቀዳማዊ ወያኔ ዐመፅ ትግራይንና ራያን ባናወጠ ጊዜ፣ በመንግሥት ጥያቄ፣ የእንግሊዝ አየር ኃይል ብሌንሃይም አይሮፕላኖች ከኤደን ተነሥተው መቀሌንና አካባቢዋን ደበደቡ። ስለዚህ በዚህ አገር «ቦምብ የጣለው አይሮፕላን» ሲባል በሁለት ዘመንና በሁለት ባንዲራ መካከል ስምንት ዓመት አለ። የሽማግሌዎች ትዝታ ሁለቱን አንዳንድ ጊዜ ቢያቀላቅል ሊያስገርም አይገባም። በአንድ ዕድሜ ሁለት ጊዜ ከሰማይ እሳት የወረደበት ሰው የሚያስታውሰው እሳቱን ነው እንጂ የሞተሩን ቁጥር አይደለም።

፪. የአካሉ ምስክርነት

አይሮፕላንን ለመለየት መርማሪው ከትልቁ ወደ ትንሹ ይሄዳል። ክንፉ አንድ ነው ወይስ ድርብ? ክንፉ ከአካሉ በላይ ተቀምጧል ወይስ በታች? ሞተሩ ስንት ነው? ጎማው ወደ ሆዱ ይገባል ወይስ ተንጠልጥሎ ይቀራል? እነዚህ አራት ጥያቄዎች ብቻ ከተዘረዘሩት ስሞች አብዛኞቹን ያስወግዳሉ።

ፖቴዝ 25 ድርብ ክንፍ ያለው ሲሆን የታችኛው ክንፉ ከላይኛው በጣም ያጥራል። ሞዝም ድርብ ክንፍ አለው፤ ነገር ግን እጅግ ትንሽ ነው። ዩንከርስ ደብልዩ 33 ክንፉ አንድ፣ አቀማመጡም ከታች ነው፤ መላ አካሉ እንደ ጣራ ቆርቆሮ በተሸነሸነ ብረት የተሸፈነ ስለሆነ ብርሃን በጎን ሲመታው ሽንሽኑ በፎቶግራፍ ላይ ጎልቶ ይታያል። ፋርማን 190 ክንፉ ከላይ ሆኖ በዘንጎች ተደግፏል። የፎከር ሰባት ክንፍም ከላይ ነው፤ ከእንጨት የተሠራ ወፍራም ክንፍ ስለሆነ ግን የውጭ ደጋፊ ዘንግ የለውም። ካፕሮኒ 133 ሦስት ሞተር ይዞ ክንፉ ከላይ ሲሆን፣ ሳቮያ ማርኬቲ 81 ሦስት ሞተር ይዞ ክንፉ ከታች ነው። ብሌንሃይም ሁለት ሞተር አለው፤ አፍንጫው በመስተዋት የተሸፈነ ነው፤ በሚበርበትም ጊዜ ጎማው ወደ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ በሰማይ ላይ ሳለ የተነሣ፣ ጎማው የተንጠለጠለ፣ ባለ ሦስት ሞተር አይሮፕላን የ1936ቱ ብሌንሃይም ሊሆን አይችልም።

ሞተሩም ይናገራል። አንዳንዱ ሞተር ሲሊንደሮቹ እንደ አደይ አበባ ቅጠል ዙሪያውን የተደረደሩ ስለሆኑ አፍንጫው ክብ ነው፤ ሌላው ሲሊንደሮቹ ከፊት ወደ ኋላ የተሰለፉ ስለሆኑ አፍንጫው ሾጠጥ ይላል። ይሁን እንጂ አንዱ ምልክት ብቻውን ፍርድ እንዲሰጥ መፍቀድ አይገባም። ፖቴዝ 25 በሁለቱም ዓይነት ሞተር ተሠርቷል። ፎከር ሰባትም በአንድ ሞተርና በሦስት ሞተር ተሠርቷል። የጣሊያኑ ሮሜዎ 1 ራሱ በፈቃድ የተሠራ የሆላንድ ፎከር ሲሆን ከፎከር ሰባት ጋር ግን በስም እንጂ በመልክ አይገናኝም፤ ባለ ድርብ ክንፍ ነውና። «ፎከር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን አካሚውን ከቃኚው አይለይም ማለት ነው።

አይሮፕላኑ ተቃጥሎ አጽሙ ብቻ የቀረ እንደ ሆነም ምስክርነቱ አይቋረጥም። የፎከር ሰባት አካል በተበየደ የብረት ቱቦ የተሠራና በሸራ የተሸፈነ ስለ ነበር፣ ሲቃጠል ሸራውና የእንጨት ክንፉ ጠፍተው እንደ ወፍ ጎጆ ያለ የብረት ቀፎ ይቀራል። ዩንከርስ የቆርቆሮ ስብርባሪ ይተዋል። ትንሹ ሞዝ በአብዛኛው እንጨትና ሸራ ስለሆነ ከሞተሩ በቀር ብዙ ነገር አይተርፈውም። ሞተር እንደ እንጨት ነዶ አያልቅም፤ ስለዚህ በአመድ ውስጥ የሚታዩትን የሞተር ጉብታዎች መቁጠር ከብዙ ክርክር ያድናል።

፫. በሰው ቁመት መለካት

በአይሮፕላኑ አጠገብ የቆመ ሰው ለመርማሪው ትልቅ ስጦታ ነው። ለምሳሌ በፎቶግራፉ ላይ ከክንፉ ጋር በእኩል ርቀት የቆመ ሰው 12 ሚሊ ሜትር ቢረዝም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚታየው ክንፍ ደግሞ 100 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የሰውየውም ቁመት 1.70 ሜትር ያህል ነው ቢባል፣ ክንፉ ወደ 14 ሜትር ይጠጋል። የፖቴዝ 25 ክንፍ 14.1 ሜትር ያህል ነው፤ የፋርማን 190 ክንፍም ከዚሁ ብዙ አይርቅም። የሞዝ ክንፍ 9 ሜትር ያህል፣ የብሌንሃይም 17 ሜትር ያህል፣ የነጠላ ሞተሩ ፎከር 19 ሜትር ያህል፣ የካፕሮኒ 133 ደግሞ 21 ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሞዝ፣ ብሌንሃይም፣ ፎከርና ካፕሮኒ ከፉክክሩ ወጡ። በልክ የተቀራረቡትን ፖቴዝንና ፋርማንን ደግሞ የክንፉ ድርብ መሆን ወይም አለመሆን ይለያቸዋል። ሁለት ደካማ ምስክሮች ሲስማሙ አንድ ብርቱ ምስክር ይወጣቸዋል የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

ጥንቃቄው ግን አይዘንጋ። ሰውየው ከአይሮፕላኑ ፊት ቀድሞ ለካሜራው ቀርቦ ቆሞ ከሆነ ገዝፎ ስለሚታይ አይሮፕላኑን ያሳንሰዋል። አይሮፕላኑ ጎኑን ሰጥቶ የቆመ እንደ ሆነም ክንፉ ከእውነተኛ ልኩ አጥሮ ይታያል።

፬. የጥቁርና ነጭ ሥዕል ወጥመድ

ብዙ ስሕተት የሚፈጠረው በቀለም ላይ ነው። በሠላሳዎቹ ዓመታት ከነበሩት ፊልሞች አንደኛው ዓይነት ቀይ ብርሃንን አይቀበልም ነበር። በእርሱ የተነሣ ቀይ ነገር ጥቁር ሆኖ ይወጣል፤ ሰማያዊው ነጣ ይላል፤ ቢጫውም ይደበዝዛል። ሌላው ዓይነት ፊልም ግን ሁሉንም ቀለማት ስለሚቀበል ቢጫን ወደ ነጭ አስጠግቶ ያሳያል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ቀላል አይደለም። በነጭ መደብ ላይ የተቀባ ቀይ መስቀል በመጀመሪያው ዓይነት ፊልም ጥቁር መስቀል ሆኖ ይታያል። ይህን ያላወቀ ሰው የጀርመን የጦር ምልክት ነው ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ ቁስለኛ ሊያነሣ የመጣው አይሮፕላንም በአንድ የእርሳስ ምት ጦረኛ ሆኖ ይቀራል። እንዲሁም ጭራው ላይ ሦስት ሰረዝ የታየ እንደ ሆነ ነገሩ የሚቆርጠው በመካከለኛው ሰረዝ ነው። በጣሊያን አይሮፕላን ጭራ ላይ መካከለኛው ነጭ ሲሆን የንጉሡ ቤት ዓርማ ያርፍበታል። በኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ ግን መካከለኛው ቢጫ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ፊልም ቢጫው ግራጫ ስለሚሆን መለየቱ አያስቸግርም፤ በሁለተኛው ዓይነት ግን ነጭ መስሎ ያታልላል። ስለዚህ መርማሪው በመጀመሪያ ዙሪያውን አይቶ ፊልሙ የትኛው ዓይነት እንደ ሆነ ይገምግም። ቀይ ወይም ሰማያዊ መሆኑ የታወቀ ነገር በሥዕሉ ላይ ቢገኝ፣ እርሱ ለሌሎቹ ቀለማት ዳኛ ይሆናል።

፭. አገሩና ወቅቱ

አይሮፕላን ከአገር አገር ይበራል፤ ተራራ ግን ቦታውን አይለቅም። በፎቶግራፉ ጀርባ ላይ ያለው የዞብል ሰንሰለት ከሆነ ካሜራው ወደ ምሥራቅ ዞሮ ነበር። የሰዎቹ ጥላ ወደ ካሜራው ከወደቀ ደግሞ ፀሐይዋ ከተራራው ወገን ናት፤ ጊዜው ረፋድ ነው ማለት ነው። በሥዕሉ ላይ የሚታይ ጽሑፍ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ቢገኝ ፎቶግራፉ ተገልብጦ ታትሟል፤ ያን ጊዜ በሥዕሉ ግራና ቀኝ ያሉት አቅጣጫዎችም አብረው ይገለበጣሉ።

ማሽላውም ይመሰክራል። በራያ ሜዳ ማሽላ አፍርቶ የሚቆመው በጥቅምትና በኅዳር አካባቢ ነው፤ በመጋቢት ግን ማሳው ባዶውን ይገኛል። ስለዚህ ከአይሮፕላኑ ኋላ የቆመ ማሽላ የታየ እንደ ሆነ ያ ፎቶግራፍ የማይጨው ሰሞን ፎቶግራፍ አይደለም። ጠላት በወረራው ዘመን ያሠራው ዋና መንገድ ወይም ድልድይ የሚታይ ከሆነም ሥዕሉ ከ1928 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ የተነሣ ነው።

፮. የሽማግሌዎች ቃል

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሰውን መጠየቅ ይቀራል። ጥያቄው መልሱን ይዞ እንዳይሄድ መጠንቀቅ ያሻል። «አባባ፣ ይህ የጣሊያን አይሮፕላን አይደለም እንዴ?» ተብለው የተጠየቁ አዛውንት ለእንግዳው አክብሮት ሲሉ «ይሆናል ልጄ» ይላሉ፤ ያ «ይሆናል» ግን በመዝገብ ላይ «ነው» ሆኖ ይጻፋል። «አባባ፣ ያን ቀን ማሽላው ታጭዶ ነበር ወይ? ድምፁ ከየት ወገን መጣ? ከብቱ የት ነበር?» ብሎ የጠየቀ ግን ከታሪክ መጽሐፍ የማይገኝ መልስ ያገኛል። የ1928ቱን ዘመን በዓይናቸው ያዩት ዛሬ ከሞላ ጎደል አልፈዋል። የቀረው ከአባትና ከእናት የተሰማው ቃል ስለሆነ፣ ማን ከማን እንደ ሰማው ጭምር መመዝገብ ይኖርበታል።

ጊዜውም የሚታገሥ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ቆቦና አካባቢዋ በደረሰ ጊዜ ብዙ ሰው ቤቱን ጥሎ ተሰዷል። ልጁን አዝሎ የሚሸሽ ሰው የፎቶግራፍ ሣጥን አይሸከምም። ከዚያ የተረፈው እያንዳንዱ ፎቶግራፍ አስቸኳይ ጥንቃቄ የሚሻ ቅርስ ነው።

፯. መዝገብ ላይ እንዴት ይጻፍ?

የምርመራው ውጤት በሦስት ደረጃ ቢጻፍ ይበጃል፤ ይኸውም «የተረጋገጠ»፣ «የሚመስል» እና «ያልታወቀ» ተብሎ ነው። «የተረጋገጠ» የሚባለው ቢያንስ ሁለት የማይገናኙ ምልክቶች፣ ለምሳሌ የክንፉ ልክና የጭራው ሰረዝ፣ አንድ ቃል ሲናገሩ ነው። «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍም ለባለሙያ ነውር የለውም፤ ነውሩ የማያውቁትን እንደሚያውቁት አድርጎ መጻፍ ነው። ቀድሞ የተጻፈ ስም ስሕተት ቢሆን እንኳ አይፋቅ፤ ከሥሩ አዲሱ ከነምክንያቱ ይጨመር። ጽሑፉም በፎቶግራፉ ጀርባ፣ ከጠርዙ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ ይሁን፤ ቀለም ወደ ፊት ይዘልቃልና። ዋናው ፎቶግራፍ የቤተሰቡ ነው፤ መዝገብ ቤቱ ቅጂ ይበቃዋል። የምርመራው ውጤትም በጽሑፍ ሆኖ ወደ ባለቤቶቹ ይመለስ።

አሁን ወደ ጎብዬው ሣጥን መመለስ ይገባል። አይሮፕላኑ ባለ ድርብ ክንፍ፣ ልኩ 14 ሜትር፣ የታችኛው ክንፉ አጭር፣ ፊልሙ ቀይን የማይቀበለው ዓይነት፣ በጭራው ላይ ያለው መካከለኛ ሰረዝ ደግሞ ግራጫ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፣ «የጃንሆይ ነው» ያለው ጎረቤት ረታ ማለት ነው። አጠገቡ የቆሙት ሰዎችም ወራሪውን ያጀቡ ሳይሆኑ ያገራቸውን አይሮፕላን ለማየት የወጡ ሰዎች ናቸው። ያለ ስም የቀረውን የእነዚያን ሰዎች ገጽ ያየ የልጅ ልጅ፣ አያቱ በየትኛው ወገን ቆሞ እንደ ነበር ለማወቅ መብት አለው። አንድ ሚሊ ሜትር መለካትና አንድ ግራጫ ሰረዝ መመርመር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ በአይሮፕላኑ ስም የሚፈረደው በሰዎቹ ላይ ነውና።